ቀንዱ ውስጥ የቀረው ዝባድ

ጋሽ ያህያ ልጅ ሳሉ የአባታቸው ቤት የሚታወቀው በጠረኑ ነበር። ጓሮ በእንጨት ጎጆ የታሰሩት ጥርኞች በየዘጠኝ ቀኑ ዝባዳቸው እየተጠረገ በበሬ ቀንድ ሲጠራቀም፣ ጠረኑ አጥር ተሻግሮ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ትኩሱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጥቂት ተነክቶ በቅቤ ሲለወስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሙሽራ ያሳምራል፣ የዒድን ልብስ ያከብራል። «እንግዳ ቤታችንን በአፍንጫው ያገኘዋል፤ ማንንም መጠየቅ የለበትም» ይሉ ነበር አባታቸው።

አሁን ጥርኞቹም አባትየውም የሉም። ጋሽ ያህያ ከቦንጋ ገበያ ዳር በምትገኘው ሱቃቸው ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሌላም ቅመም ይሸጣሉ። ከዚያ ዘመን የተረፋቸው አንድ ቀንድ ነው፤ አፉ በሰም ተደፍኖ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤታቸው መኪያ በሕይወት ሳሉ በዓመት አንዴ ያስከፍቱት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የነካው የለም።

መኪያ ትተውት የሄዱት ሌላው ነገር አንዲት ግራጫ ጥንቸል ናት። ድመት የምታስንቅ፣ ከኮረሪማው ጆንያ ሥር ተንሰራፍታ የምትቀመጥ፣ ሰው ሲገባ የማትነሣ። በዚህ ኩራቷ መኪያ «እመት» ብለው ሰየሟት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ጋሽ ያህያ የሚያናግሩት እመትን ብቻ ነበር።

ከዚያ ለምያ መጣች። የልጃቸው የአሚን ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ አሚን ደግሞ ከደካ ቦንጋ መኪና የሚያመላልስ ሹፌር ነውና ቤት አይውልም። «ወይ እርስዎ ጋ ትማር፣ ወይ ጅማ አክስቷ ጋ ልውሰዳት» አለ አሚን። ልጅቷ ካርቶን አቅፋ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ካርቶኑ ውስጥ ጡጫ የማታህል ነጭ ጥንቸል አለች፤ ስሟ ጥጢት።

«እመት ከወደደቻት እቀመጣለሁ» አለች ለምያ። «ካልወደደቻት ጅማ እንሄዳለን። ሁለታችንም።»

አሚን ሳቀ። «እስከ ቅዳሜ ሳምንት ተስማሙ እንግዲህ» ብሎ ሄደ። ጋሽ ያህያ ግን አልሳቁም።

እመት አልወደደቻትም። ገና ስታያት ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣብቃ ሮጠችባት፤ የትንሿ ጸጉር በአፏ ቀረ። ጎረቤታቸው ፀደንያ የእንስሳት ሐኪም ናትና ተጠራች።

«ጋሽ ያህያ፣ እርስዎ ራስዎ ከመንደሩ ጋር ለመላመድ ስንት ዓመት ፈጀብዎ?» አለቻቸው እየሣቀች።

«አሁንም አልጨረስኩም።»

«ታዲያ ጥንቸልን ምን ያስቸኩሏታል? መሐላቸው ወንፊት ሽቦ ያቁሙ። የአንዷን መኝታ ለሌላዋ ይስጡ። ጥንቸል የምታውቀው በዓይኗ አይደለም፣ በአፍንጫዋ ነው። ሽታቸው አንድ ሲሆን ትልቅና ትንሽ መሆናቸውን ይረሱታል። ወር፣ ሁለት ወር ይፍጅ።»

ሽቦው ቆመ። ለምያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽቦው ሥር በሆዷ ተኝታ ጎመን ታካፍላለች። «አባባ፣ ዛሬ እመት ጀርባዋን አልሰጠቻትም» ትላለች። ቤቱ ድምፅ ገባበት። ጋሽ ያህያ ሱቁን በጊዜ መዝጋት ጀመሩ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ መሥራትም ተለማመዱ።

ዓርብ ደረሰ። እመትና ጥጢት አፍንጫ ለአፍንጫ ቢነካኩም፣ ሽቦው ሲነሣ እመት አሁንም ታጉረመርማለች። ነገ አሚን ይመጣል። ጋሽ ያህያ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ፣ «ሽታቸው አንድ ሲሆን» ያለችው የፀደንያ ቃል መንገዱን ሁሉ አብሯቸው ሄደ። ቤት ገብተው ሣጥኑን ከፈቱ። ሰሙን በቢላ አነሡ። ያ የልጅነት ሽታ ፊታቸውን ሲመታው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ደስ አላቸው። የስንዴ ፍሬ የምታህል ዝባድ በጨርቅ ነክተው የእመትን ማጅራት አበሱ፤ የጥጢትንም አበሱ።

እመት የኋላ እግሯን መሬት ላይ መታች። ደግማ መታች። ከዚያ ከጆንያ ጆንያ እየተላጋች ትራወጥ ጀመር። ትንሿ ግን ከሽቦው ጀርባ ተከልላ መሸሻ አልነበራትም፤ የምትሸሸው ነገር ማጅራቷ ላይ ነበር። ሽቦውን ሁለት ጊዜ በራሷ መታች፤ ሦስተኛ ላይ በጎኗ ወደቀች። ጋሽ ያህያ አንሥተው በመዳፋቸው ሲይዟት ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይመታ ነበር። ከዚያ ቆመ።

ለምያ ቦርሳዋን እንዳነገበች ገባች። አላለቀሰችም። ጥጢትን ተቀብላ አሸተተቻት።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝባድ ነው፣ ልጄ። ሽታቸው አንድ እንዲሆን ብዬ…»

«ዝባድ ከምን ይወጣል?»

«ከጥርኝ።»

«ጥርኝ ምን ይበላል?»

ጋሽ ያህያ መሬት ላይ የወደቀውን ጨርቅ አዩ። ስድሳ ዓመት ያወቁት ነገር ነው። አባታቸው ለጥርኞቹ ሥጋ ሲወረውሩ ሣህኑን የያዙት እሳቸው ነበሩ።

በማግሥቱ የአሚን መኪና ጥሩምባ ከደጅ ተሰማ። ጥጢት ጓሮ ከእንሰቱ ሥር ተቀብራለች። ለምያ ባዶውን ካርቶን አቅፋ ከጓዳ ወጣች። በዚያ ቤት መንገደኛ ልጅ ጎንበስ ይላል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ራሱ ላይ አኑረው ዱዓ ያደርጉለታል፤ አሚንም በልጅነቱ እንዲያ ነበር የሚሸኘው። ጋሽ ያህያ መዳፋቸውን ዘረጉ። ከትናንት ጀምሮ በሳሙናም በአመድም አጥበውታል፤ ሽታው ግን አለቀቃቸውም።

ለምያ የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። በተዘረጋው እጅ አጠገብ አልፋ ወጣች።