ቀጭኔ ሾላው ላይ

ቁመቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው አፍ ማሟሻ ነበር። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር፣ ፎቶ ሲነሱ ሁልጊዜ ከዳር፣ ልብስ ሲገዛላት ሁልጊዜ እጅጌው ያጠረ። ታላቅ ወንድሟ ገና በትንሽነቷ «ቀጭኔ» አላት፤ ስሙ እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። ስታድግ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ያንን ሁሉ ቁመት አጣጥፋ ማሽን ላይ አቀርቅራ መስፋት ያዘች። የምትሰፋው ደግሞ የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ነው። አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ ቁልፍ፣ እሷ ኮሌታ። ስንት ሺህ አንገት እንዳስጌጠች እሷም አታውቀው፤ ሙሉ ሸሚዝ ግን አንድ ቀን ሰፍታ አታውቅም። ማታ ጋደም ስትል ወገቧ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመስኮቱ ውጭ የሞተር መጋዝ ሲያጓራ ሰማች። ቀና ብላ አየች። በፋብሪካው ግቢ ዛፍ ላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ጋር እኩል ሆና፣ አንዲት ደልደል ያለች ሴት በገመድ ተንጠልጥላ የደረቀ ቅርንጫፍ ትቆርጣለች። ሴትየዋ መጋዙን አጠፋችና ወገቧ ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ግንዱን በእግሯ ገፋ አድርጋ አየር ላይ ተሽከረከረችና ማዶ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ልክ ሶፋ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቁጭ አለች። የቀጭኔ ልብ ዘለለ። መርፌው ኮሌታውን ስቶ ሲሮጥ ልብ አላለችም፤ ተቆጣጣሪዋ ትከሻዋን ነካ ስታደርጋት ነው የባነነችው።

ለምሳ ሲለቀቁ ምሳዋን ትታ ወደ ዛፉ ሮጠች። ሴትየዋ ወርዳ ውሃ ትጠጣለች። ከአጠገቧ ሌላ ሴት ቅርንጫፍ እየጎተተች ለብቻዋ ትስቃለች።

«እዚህ ሥራ እንዴት ነው የሚገባው?» አለች ቀጭኔ፣ ሰላምታ እንኳን ሳታቀርብ።

ሴትየዋ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። ራሷ ላይ ለመድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። «ከፍታ ትፈሪያለሽ?»

«እኔ እንጃ። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«እንግዲያው እሁድ ነይ፣ እኛ እንጠይቅሻለን» አለችና ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ያቺ ቅርንጫፍ የምትጎትተዋ ደግሞ ከእሷ ብሳ ሳቀች።

ያቺ ዛፍ ላይ የነበረችው የሥራው አለቃ ናት፤ «እታለም» ትባላለች። በዕድሜ የሚበልጧት እንኳን እታለም ነው የሚሏት፤ እንደ ታላቅ እህት ተቆጥታ እንደ ታላቅ እህት የምታበላ ሴት ናት። ቅርንጫፍ የምትጎትተዋ «ሳቂታ» ነች። ሳቂታም ድሮ ዛፍ ትወጣ ነበር። ጉልበቷ የተበላሸው ግን ከዛፍ ወድቃ አይደለም፤ ከገዛ ቤቷ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ነው። ይህንን ስታወራ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ቀጭኔ ፋብሪካውን ስትለቅ የተቃወመቻት እናቷ ነበረች። እናቷ ገበያ ውስጥ አትክልት ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በቲማቲምና በሽንኩርት ነው። «ወንበር ያለው ሥራ ትተሽ ዛፍ ላይ? ወፍ ነሽ እንዴ?» አለቻት። ብትላት ብትሠራት ግን ቀጭኔ ሐሳቧን አልቀየረችም። ከዚያ ወዲህ እናት ስለ ሥራዋ መጠየቅ ተወች። ደንበኞቿ ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት «ያው ከአትክልት ጋር የተያያዘ ነገር ነው» ብላ ካሮቱን ማስተካከል ትጀምራለች።

የመጀመሪያውን ዓመት ቀጭኔ ከመሬት አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ቅርንጫፍ ጎተተች፣ ገመድ ያዘች፣ አንገቷ እስኪደነዝዝ ሽቅብ አየች። ግንዱን በመዶሻ እያንኳኳች ድምፁን ማዳመጥ ለመደች፤ ጤነኛው ድፍን ድምፅ አለው፣ ውስጡ የበሰበሰው እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለውን እብጠት እታለም «ኮሌታ» ትለዋለች፤ መጋዝ ከኮሌታው ውጭ ካረፈ ቁስሉ ይደርቃል፣ ኮሌታውን ከበላው ግን ዛፉ ይታመማል። ቀጭኔ ይህንን ስትሰማ «እናንተ ሰዎች! ከኮሌታ አመለጥኩ ብዬ ነው እኮ የመጣሁት!» አለች፤ ሳቂታ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ መቆም አቅቷት።

እሁድ እሁድ ደግሞ ልምምድ ነው። እታለም አሸዋ የሞላችውን ጆንያ ዝቅ ካለ ዛፍ ላይ ትሰቅለዋለች። ጆንያውን «ባሌ» ትለዋለች። «ውጪና ባሌን አውርጅልኝ! ራሱን ስቷል!» እያለች ከታች ትጮኻለች። ቀጭኔ ትወጣለች፣ ጆንያውን ከራሷ መታጠቂያ ጋር ታያይዛለች፣ ቀስ አድርጋ ይዛው ትወርዳለች። «ጭንቅላቱን አጋጨሽው! እንደገና!» ትላታለች እታለም። ቀጭኔ ስንት ጊዜ በልቧ ያንን ጆንያ ረገመችው።

ከዚያ ያ ማዕበል መጣ። ሲነፍስ አድሮ ሲነጋ ከተማው እንደ ተበጠረ ጠጉር በአንድ ጎኑ ተኝቶ ነበር። የወደቀ ዛፍ መንገድ ዘግቷል፣ የሱቅ ታፔላ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሦስቱ ሴቶች የተጠሩት ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ትልቅ ሾላ ነው። ሾላው ራሱ ደህና ቆሟል፤ ግን አንድ የሰው ወገብ የሚያህል ቅርንጫፉ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ እንደተያያዘ፣ ከፋርማሲው ጣሪያ በላይ ተንጠልጥሏል። መብራት ተቋርጧል፤ ፋርማሲውም ሰው ወጥቶለት ባዶውን ነው።

እታለም ሁለት ገመድ ሰቀለች። አንዱ የራሷ ነው፤ ሁለተኛውን ለክፉ ቀን ብላ ሁልጊዜ ትሰቅለዋለች፣ ማንም ሲጠቀምበት ግን ታይቶ አይታወቅም። ወጣች። ትንንሾቹን ቅርንጫፎች እያራገፈች ወደ ስንጥቁ ተጠጋች። ቀጭኔ ከታች ገመድ ይዛ እያየች ነው። ድንገት ዛፉ ውስጥ ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ትልቁ ቅርንጫፍ ባለበት ተገለበጠና ወደ ግንዱ ተንከባለለ። መጋዙ ጠፋ። ለቅጽበት ምንም ድምፅ የለም።

«እታለም!» አለች ሳቂታ። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

«አለሁ!» አለ ከላይ የታፈነ ድምፅ። «ክንዴን ይዞኛል! ከግንዱ ጋር አጣብቆኛል!»

ሳቂታ ለእሳት አደጋ ደወለች። መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ስንደርስ እንደርሳለን አሏት። ስልኩን ዘግታ ቀጭኔን አየቻት። ቀጭኔም ያንን ሁለተኛ ገመድ አየችው። ወዲያው መታጠቂያዋን ማጥበቅ ጀመረች።

በዚህ መሀል ወሬው ገበያ ደርሷል። ወሬ ደግሞ መንገድ ላይ መልኩን ይቀይራልና፣ እናት ጆሮ የገባው «ልጅሽ ዛፍ ላይ ተሰቅላ ቀረች!» የሚል ነው። ቲማቲሙንም ሚዛኑንም ጥላ ሮጠች። አንድ እግር ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ። ሾላው ሥር ስትደርስ ልጇ መሬት ላይ በሁለት እግሯ ቆማ አየቻትና አንገቷን አንቃ ያዘቻት።

«እግዚኦ! ደህና ነሽ! ደህና ነሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ እማ። እታለም ናት የተያዘችው። እኔ ልወጣ ነው።»

«የት ነው የምትወጪው? ኧረ በሕግ! አትወጪም! ሌላ ሰው የለም?»

«የለም።»

እናት ሽቅብ አየች። ከቅጠሉ መሀል የእታለም እግር ይታያል፤ አንደኛው ቦት ጫማ ግንዱን ለመርገጥ እየፈለገ ይንሸራተታል። ከዚያ የልጇን የራስ ቆብ ማሰሪያ ልክ ትምህርት ቤት ስትሸኛት እንደምታደርገው አጠበቀችላት። «ፍጠኚ» አለች። «ቀስ ብለሽ ፍጠኚ።»

ቀጭኔ ወጣች። እግሯን በገመዱ ቀለበት ውስጥ ከታ፣ ተነስታ፣ ገመዱን ስባ፣ ደግማ ተነስታ። ከተሰበሩት ቅርንጫፎች የሚንጠባጠበው ነጭ የሾላ ወተት ጓንቷን አጣበቀው። ከፋርማሲው ጣሪያ አለፈች። ረጅም እጇ ሌላ ሰው የማይደርስበትን መያዣ ሁሉ ያገኛል፤ ረጅም እግሯ አንዴ ሲዘረጋ የሌላውን ሁለት እርምጃ ይሄዳል። ዕድሜ ልኳን ስታጥፈው የኖረችው ቁመት እዚያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ተዘረጋ።

እታለም ፊቷ አመድ መስሏል፤ ምላሷ ግን አልተያዘም። «ምን አስቆየሽ? ጫማ ስትመርጪ ነው?»

«እናቴ አነጋግራኝ ነው።»

«ታዲያ ሰላም አትዪልኝም ነበር?»

ቀጭኔ መጀመሪያ እታለምን ከራሷ ጋር አያያዘቻት። ከዚያ ዙሪያውን አየች። ቅርንጫፉን መቁረጥ አይቻልም፤ ሲቆረጥ ክብደቱ እንዴት እንደሚዞር አይታወቅም። መነሳት አለበት። ከበላያቸው ጠንካራ ባላ አለ፤ ተንጠራርታ ይዛው የወጣችውን መዘውር እዚያ አሰረችው፣ ወፍራም ገመድ አሳልፋ አንዱን ጫፍ ቅርንጫፉ ላይ ቋጠረች፣ ሌላውን ወደ ታች ለቀቀችው። ቋጠሮውን እታለም በዓይኗ መረመረችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ሳቂታ! ሳቡት ስል ሳቡ!»

ሳቂታ በአንድ ደህና ጉልበቷ ብቻዋን ያንን ቅርንጫፍ እንደማታነሳው ግልጽ ነው። ያን ጊዜ የእናት ድምፅ መንገዱን ሞላው። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ውስጥ ስትጮኽ የኖረች ሴት ናት፤ ማጉያ አያስፈልጋትም። «ምን ትገተራላችሁ? ፊልም ነው እንዴ? አንተ ባለ ኮቱ፣ ና ያዝ! አንቺ ቦርሳሽን አስቀምጪ! ስልክህን አጥፋና ገመዱን ያዝ አንተ!» ፋርማሲስቷ መጣች፣ ፀጉር ቆራጩ መጣ፣ የታክሲ ሾፌር መጣ። እናት ባንድ ጫማ ከፊት ቆመች።

«ሳቡ!» አለች ቀጭኔ።

ገመዱ ተወጠረ። መዘውሩ ጮኸ። ቅርንጫፉ አልተነቃነቀም።

«ሳቡ ተብላችኋል!» አለች እናት።

ቅርንጫፉ አቃሰተ፤ ከዚያ የጣት ስፋት፣ ከዚያ የመዳፍ ስፋት ተነሳ። እታለም ጥርሷን ነክሳ ክንዷን አወጣች። ከታች ሳቂታ ገመዱን ሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ጠምጥማ አሰረችው። ቀጭኔ እታለምን አቅፋ በአንድ ገመድ ሁለት ሆነው መውረድ ጀመሩ።

«ከባሌ እቀላለሁ?» አለች እታለም።

«በጣም ትከብጃለሽ፤ እሱ ደግሞ አፍ የለውም።»

እግራቸው መሬት ሲነካ መንገዱ ሁሉ ጮኸ፣ አጨበጨበ፤ የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ። ፋርማሲስቷ የእታለምን ክንድ በካርቶን ደግፋ አሰረችላት፣ የታክሲው ሾፌርም ባለው አቋራጭ ወደ ሆስፒታል ይዟት ከነፈ።

ሰው መበተን ሲጀምር ቀጭኔ ቀና ብላ አየች። ቅርንጫፉ በአንድ ገመድ ተይዞ እንደተንጠለጠለ ነው። ሰርግ ቤት ከበሮ እንደሰማ ሰው እግሯ አላርፍ አላት።

«ሥራው አላለቀም» አለች ለሳቂታ።

«እኔም አላለቀም እያልኩ ነበር» አለች ሳቂታ፤ ፈገግታዋ ተመልሷል።

ውሃ ጠጣች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ወጣች። አሁን የሚያስቸኩላት ሰው አልነበረም፤ ጊዜ ወስዳ እያንዳንዱን ነገር አየች። ከጫፉ ጀምራ ቁራጭ በቁራጭ እያሰረች፣ እየቆረጠች፣ ሳቂታ እየተቀበለች አወረዱት። የመጨረሻውን ቁራጭ ከኮሌታው ውጭ ንጹህ አድርጋ ቆረጠችው። ቅርንጫፉ ሲለቅ ሾላው በሙሉ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተወዛወዘ፣ እሷም አብራው ተወዛወዘች፤ ሳታስበው ከአንጀቷ «እሰይ!» ብላ ጮኸች። ጣሪያው ሁሉ ከሥሯ ነው። ገበያው፣ ገመድ ላይ የተሰጡ ልብሶች፣ የዘመዶቿ ሰፈር ሳይቀር ይታያታል። መውረድ አልፈለገችም።

የእታለም ክንድ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ጀሶ ውስጥ ሆና ለወራት ከታች ቆማ እጇን እያወራጨች ስታዝ፣ ዛፍ ላይ የምትወጣው ቀጭኔ ሆነች። ጀሶው ከተፈታም በኋላ እንዲሁ ቀጠለ፤ እታለም «እኔ መጮኽ ይሻለኛል፣ ተክኜበታለሁ» አለች። ሾላውም ቁስሉን ሸፍኖ ቅጠል አወጣ፤ ፋርማሲስቷ ጥላው ሥር ወንበር አስቀምጣለች።

የእናት ነገር ግን ከሁሉም የባሰ ነው። አሁን ደንበኛ ባይጠይቃትም ትናገራለች። «ልጄ የዛፍ ሐኪም ናት» ትላለች ሽንኩርት እየመዘነች፤ የሾላው ቅርንጫፍም በተናገረች ቁጥር እየወፈረ ሄዶ በቅርቡ አውቶቡስ ማከሉ አይቀርም። ባለፈው እሁድ ደግሞ ልምምዱን ልይ ብላ መጣች። ካየች በኋላ መታጠቂያውን በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

«ይሄ ነገር እኔን ይችላል?»

«ዝሆን ይችላል፣ እማ።»

«ባለጌ። በይ እሰሪልኝ።»

አስረው አነሷት፤ ጉልበት ያህል፣ ከዚያ ወገብ ያህል፣ ከዚያ ከአጥሩ በላይ። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ልጇን፣ እታለምን፣ የፈጠራትን ሁሉ ጠራች። ኋላ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ሁለቱንም።

«እናውርድሽ እማ?» አለች ቀጭኔ።

«ቆይ እስቲ» አለች እናቷ፣ እግሯን እያወዛወዘች። «ማነው አውርዱኝ ያለ? ትንሽ ከፍ አድርጉኝ።»