እርማቱ ቦንጋ የቀረ ቪዲዮ

በገበያ ቀን ጠዋት ከመንደራችን ከደካ ወደ ቦንጋ ከተማ የተነሳሁት የፍሬን ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚይዘውን ትንሽ የጎማ ቀለበት፣ ልገዛ ነው። መኪናው የወንድሜ የተስፋዬ አሮጌ ፒካፕ ነው። እሑድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ከመንገድ ዳር አፈር ጋር ተላትሞ ቆመ። እግሩ ወለም ስላለው እኔ ተላክሁ። የተበላሸውን ጎሚኒ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ «ይህን የመሰለ በይ፤ ሌላ አታውሪ» አለኝ። ሌላ እንደማላወራማ ያውቃል። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋኛል፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ላይ ቀርቷል።

ዝናብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ነበር። ጫካው ውስጥ ሁለት ጊዜ ወርደን ሚኒባሱን ገፋን። አጠገቤ ያሉት እናት የማር ባልዲያቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ወረዱና፣ «ማሩ ከእኛ ይልቅ ተመችቶታል» አሉ። የያዝኩትን ቆጮ አብረን በላን።

ቦንጋ

መለዋወጫ ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ጎሚኒውን አገላብጠው አዩና አሸተቱት።

«የሞተር ዘይት የጨመረበት ማነው?»

ባዶውን ላስቲክ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«አንቺን እኮ ነው! ጎሚኒው ይመልስልኝ?»

«ወንድሜ… ከስልክ ቪዲዮ አይቶ።»

አዲሱን አጠገቡ አስቀመጡት። የእኛ አብጦ የሌላ መኪና ይመስላል። ስልካቸውን ከፍተው ቪዲዮውን አሳዩኝ። ቤት ያየሁት ራሱ ነው፤ ቱታ የለበሰ ሰው «የፍሬን ዘይት ካለቀባችሁ የሞተር ዘይት ይተካል» እያለ ይጨምራል። እትዬ አስካለ ከሥሩ ሰዎች የጻፉትን በጣታቸው እየገፉ አስነበቡኝ። «ተው፣ ጎሚኒ ያሳብጣል።» «ገደል ሊከተኝ ነበር።» «ወንድሜ፣ አጥፋው።» ለአንዳቸውም አልመለሰም። ላመሰገኑት ግን የልብ ምልክት ልኮላቸዋል!

ደሜ ፈላ። እኛ ጋ ኔትወርክ ስለሌለ ቪዲዮው ደካ የደረሰው ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀዳ ነው። ከሥሩ የተጻፈው አብሮ አይቀዳም። ስህተቱ ያን ሁሉ ጭቃ አልፎ እኛ ቤት ገባ፤ እርማቱ ቦንጋ ቀረ። ሰውየው ተነግሮታል፣ ያውቃል፣ አላጠፋውም። ተመልካች እንዳይቀንስበት ይሆን?

ወዲያው ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ትዝ አሉኝ። ተስፋዬ በእሳቸውም ፒካፕ ፍሬን ላይ ያንኑ ዘይት ጨምሮላቸዋል።

«የእሳቸው ፍሬን ግን እስካሁን ይይዛል» አልኩ።

«ጎሚኒው እስኪያብጥ ነዋ!» አሉ እትዬ አስካለ።

ደወልኩ፤ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጋሽ ወልዴ የገበያ ሰው ጭነው ወደ ገጠር ይወጣሉ። የአዲሱን ጎሚኒ ከፍዬ፣ ሁለቱንም ይዤ የመጀመሪያው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መመለሻ

ደካ ልንደርስ ስንል የጋሽ ወልዴን ፒካፕ ዳገቱ አናት ላይ አየሁት። በሰውና በጆንያ ተሞልቶ፣ ሌላ ሰው ለመጨመር ቆሟል።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«እዚህ ጫካ ውስጥ ማን አለሽ?» አለ ሾፌሩ፤ ግን አቆመ። ዳገቱን ሮጬ ወጣሁ።

ጋሽ ወልዴ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ምነው ልጄ? ሰው ሞተ?»

«ገና አልሞተም» አልኳቸው። ቃሉ እኔኑ አስደነገጠኝ። የሰማሁትን ነግሬ፣ አዲሱንና ያበጠውን ጎሚኒ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።

«የእኔ ጥሩ ይይዛል።»

«የተስፋዬም ቅዳሜ ጥሩ ይይዝ ነበር።»

ከኋላ አንዱ፣ «ይቺ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆነች?» ሲል ሰዉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ፤ ከበሩ ግን አልራቅሁም። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ጎሚኒዎቹን አየት አድርጋ ሳትናገር ወረደች። ጆንያዋንም አስወረደች። ጋሽ ወልዴ ያኔ የፍሬኑን ፔዳል ደጋግመው ረገጡ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው አልተመለሰም፤ የሰዉም ሳቅ ጠፋ።

«ሁላችሁም ውረዱ» አሉና ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። ሰዉ መሽቶበት በእግሩ ሲሄድ የረገመው እኔን ነው። ይርገመኝ።

ቤት

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ምክር ብቻውን ሲመጣ ምን ጥሎ እንደመጣ መጠየቅን ነው። ያ ባለ ቱታ ግን ምንም አይማርም፤ ማን ደጁ ሄዶ ይጠይቀዋል?

ተስፋዬ ሁሉንም ሰምቶ ስልኩን አሳየኝ። «ይኸው፣ አጠፋሁት።»

«የጠፋው ካንተ ስልክ ነው። ለማን ለማን ልከኸዋል?»

ስም እየጠራ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ሁለተኛው እጁ ላይ ሲደርስ ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ።