የአባቴ ጄኔሬተር ለማን ይሠራል

እኔ አንድ ነገር ግራ ከገባኝ ሳላውቀው እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጅ ሆኜ የቤታችንን ሬዲዮ ሆዱን ከፍቼ ማን ውስጡ ተቀምጦ እንደሚያወራ ለማየት ሞክሬአለሁ፤ እናቴ ያን ቀን የሰጠችኝ ኩርኩም አልመከረኝም። ስለዚህ አባቴ ደውሎ "ናፍጣው አለቀ እኮ" ባለኝ ቁጥር፣ ናፍጣ ከማፈላለጌ በፊት የሚበላኝ "እንዴት አለቀ?" የሚለው ነው።

አባቴ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ እኔ በተወለድኩበት ግቢ ብቻውን ይኖራል። እናቴ ካረፈች በኋላ ላንቻ እኔ ቤት ና ብዬ ብለምነው፣ ባለቤቴ ቢለምነው፣ አሻፈረኝ አለ። እኔ ሥራዬ ካዛንቺስ ነው፤ አንድ ፎቅ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሲታመሙ የምጠራ ሰው ነኝ። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር መግዛት ነው። ሰውየው ጨለማ ይጠላል።

ያ ጄኔሬተር ግን ጠብ ይዞ ነው የመጣው። የጭስ ማውጫው የዞረው ወደ ጎረቤታችን መስኮት ነበር። ጎረቤታችንን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው፤ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበር። አብረው ያስቀድሳሉ፣ አብረው ዳማ ይጫወታሉ፣ እየተሰዳደቡ ይስቃሉ። ጋሼ "ጭስህ አነቀኝ" አለ። አባቴ "መስኮትህን ዝጋ" አለ። ጋሼ ወረዳ ሄዶ አመለከተ። በቃ፤ አባቴ በኋላ ቱቦውን ወደ ላይ ቢያዞረውም ሁለቱ ተዘጋጉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ነው። የትልልቅ ሰዎች ኩርፊያ ደግሞ ጉድ ነው! ስንት ሽማግሌ ተላከ፤ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ።

ወደ ናፍጣው ልመለስ። ዘንድሮ ማለቅ አበዛ። መብራቱ የሚጠፋው እንደ ወትሮው ነው፤ ናፍጣው ግን በእጥፍ ይሄዳል።

"ያፈሳል እንዴ አባዬ?"

"አያፈስም።"

"ታዲያ ቴሌቪዥን ከፍተህ ነው የምትተኛው?"

"ምን አገባሽ?"

እንዲህ ነው የሚመልስልኝ። ናፍጣ በጀሪካን ማግኘት ደግሞ ደጅ ጥናት ሆኗል፤ አንድ ቀን ጭራሽ የማይገኝበት ጊዜ ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ራሱ ይናገር ብዬ ወሰንኩ።

ደምበል አካባቢ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ሁለት ክብሪት ጎን ለጎን ቢቀመጡ የምታክል ኮምፒውተር ገዛሁ። ሙቀት የሚለካ ነገር፣ ናፍጣው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነገር፣ አንድ ደግሞ ገመዱን አቅፎ ስንት ዋት እንደሚያልፍ የሚያነብ ቀለበት አያያዝኩባት። ለክፉ ቀን ብዬም ጄኔሬተሩን ከቢሮዬ ሆኜ የማጠፋበትን ዘዴ ጨመርኩ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ያየኛል።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"እዚህ የሚሆነውን ስልኬ ላይ የምትነግረኝ ናት።"

"ሰላይ ናት በያ!" አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ ስሟ ሰላይዋ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ካዛንቺስ ተቀምጬ መብራት እስኪጠፋ ናፈቅኩ። በሕይወቴ መብራት እንዲጠፋ የተሳልኩት ያኔ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ አባቴ ደወለ። "መብራት ከጠፋ ቆየ፤ ሰላይሽ ምን አለች?" ምንም አላለችም። ለካ እኔ ጀግናዋ ኮምፒውተሯንም ኢንተርኔቱንም ግድግዳ ላይ ነው የሰካኋቸው! መብራት ሲጠፋ ወሬ ነጋሪዋ ቀድማ ድርግም ብላለች። ጄኔሬተሩ ሲነሳ መንቃት ነበረባት፤ ግን ደንግጣ ነው መሰለኝ እዚያው ቀረች። ፓወር ባንክ ገዝቼ ሁለቱንም በእሱ አሳደርኳቸው። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀብኝ።

ቀጥሎ ደግሞ ሙቀቱ ጨመረ። መብራት ሳይጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ሳይነሳ፣ የኮምፒውተሯ ሙቀት ብቻ በየቀኑ ሽቅብ ይወጣል። ምን ጉድ ነው ብዬ ቅዳሜ ሄጄ ባይ፣ ሰላይዋ እናቴ የሠራችው ዳንቴል ውስጥ ተጠቅልላለች። ሁለት እጥፍ ተደርጎ!

"አቧራ እንዳይገባባት ነው" አለ አባቴ።

"ሰላይ ናት ስትል አልነበር እንዴ?"

"ብትሆንስ? ግቢዬ ገብታለች አይደል።"

ዳንቴሉን አጣጥፌ መልሼ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ሰመረልኝና ቁጥሮቹን ማየት ጀመርኩ። እንዴት ደስ ይላል! እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጠባይ አለው። ፍሪጅ ሠርቶ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ቦይለር አንዴ ሽቅብ ይሰቀልና ሲጠግብ ይወርዳል። ያደግኩበትን ቤት እዚያ ግራፍ ላይ ፈልጌ አገኘዋለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አጣሁት። የፍሪጁ መውጣት መውረድ የለም። ቦይለሩ የለም። አምፖል እንኳ ያለ አይመስልም። ያለው አንድ ልሙጥ መስመር ነው፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት አካባቢ፣ ጄኔሬተሩ ከተነሳበት እስኪጠፋ ድረስ ንቅንቅ የማይል።

ምን ዓይነት ዕቃ ነው እንዲህ ሳያርፍ የሚበላው? ቢሮ ውስጥ ጎኔ የምትቀመጠውን ባልደረባዬን ጠየቅኳት።

"አባትሽ ዶሮ እያስፈለፈሉ ይሆናል" አለች።

"ዶሮ ይጠላል።"

"እንግዲያው ሴት አምጥተዋል።"

"ሴቷ ናት ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት የምትበላው?" አልኳት፤ ቢሮው በሳቅ ሞተ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ብቸኝነቱ ያሳስበኛል።

አባቴን በወሬ መሃል አዋዝቼ ጠየቅኩት። "ፍሪጁ ነዋ" አለኝ። ፍሪጅ እንዳልሆነ እያወቅኩ ወሬውን ቀየርኩ። አባቴ ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ውሸት ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ነገሩ ይበልጥ በላኝ።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። አባቴ ቅዳሴ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይወጣም፣ ስልኩም ዝግ ነው። ግቢው ባዶ ነው። ጄኔሬተሩ ግን ተነስቶ ያንኑ ልሙጥ መስመር ያሰምራል፤ ናፍጣውም ወደ ታች እየወረደ ነው። ባልደረባዬ በትከሻዬ በኩል አየችና "ባዶ ቤት ውስጥ ለማን ይሠራል? አጥፊዋ በቃ!" አለች። ልክ ናት። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አደረግኩ። ግን ካጠፋሁት መስመሩ ይጠፋል፤ ምን እንደነበረም አላውቅም። ይሄ ደግሞ ለእኔ ሞት ነው። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና ታክሲ ያዝኩ።

ቤቱ ውስጥ ገብቼ አንድ ባንድ ፈተሽኩ። ቴሌቪዥኑ ተነቅሏል። ቦይለሩ ጠፍቷል። ፍሪጁን ስከፍተው ጨለማ ነው፤ እሱንም ነቅሎታል። ጨለማ የሚጠላው አባቴ ለራሱ አንድ አምፖል እንኳ አልተወም፤ ቁጥሩ ግን ስልኬ ላይ ሦስት መቶ ሃምሳ ይላል። ጓሮ ዞርኩ። ከጄኔሬተሩ የወጣ አንድ የማላውቀው ወፍራም ገመድ ከውኃ ሮቶው ጀርባ ተሸሽጎ ይሄዳል፤ ተከተልኩት። ግንቡ ሥር በተበሳች ቀዳዳ አልፎ ወደ ጋሼ ግቢ ገባ።

ደሜ ፈላ። "ሰረቁን!" አልኩ ጮክ ብዬ። ወረዳ ድረስ ሄዶ የከሰሰ ሰው! ዞሬ ሄጄ የጋሼን በር ደበደብኩ። ከልጅነቴ እትዬ የምላቸው ባለቤቱ ከፈቱልኝ።

"እትዬ፣ ይሄ ገመድ ምንድን ነው? ጄኔሬተሩን ላጠፋው ስል ነው የ..."

ፊታቸው አመድ ሆነ። "አጠፋሽው?"

"ኧረ አላጠፋሁም።"

"ተመስገን" አሉና ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ። ከውስጥ አንድ ማሽን ሲያጉረመርም፣ ቆይቶም ትንፋሽ ሲለቅ ይሰማል። በተገረበበው በር የጋሼ ጀርባ ታየኝ። ከጆሮው ወደ አፍንጫው የሄደ ቀጭን ቱቦ አለ። ያ ቁመቱ በር የሚሞላ ሰውዬ ተኮራምቶ ወንበሩ በዝቶበታል። እኔም እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቢሮ ሆኜ ጣቴን ያሳረፍኩት በሰው ትንፋሽ ላይ ነበር።

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ሳንባው ነው። ሐኪሞቹ ኦክስጅን ከአየር የሚሠራ ማሽን ይዞ ቤቱ እንዲቀመጥ አድርገዋል። ማሽኑ በገባ ሰሞን መብራት ሲጠፋ፣ እትዬ እየጮኹ የሮጡት ወደ አባቴ በር ነው። "አንድ ቃል አልተናገረም ልጄ። ግንቡን በስቶ ገመድ አሳለፈልኝ፤ ድሮ ሲተኛ የሚያጠፋውን ጄኔሬተርም ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሁሉ አያጠፋውም። ባሌ ደግሞ ከእሱ ከሆነ ይቅርብኝ እንደሚል አውቃለሁ፤ ልጃችን የላከችው ባትሪ ነው አልኩት።"

"አመኑ?"

"እኔ እንጃ። ያንቺ አባት ጄኔሬተር ሲነሳ ዓይኑን ይጨፍናል።"

እኔም ሰላይዋን አስረዳኋቸው፤ ማሽኑ ሲሠራም ሲቆምም ቁጥሩ ስልኬ ላይ እንደሚታየኝ አሳየኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

አባቴ ነጠላውን እንዳጣፋ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ፊቴን አይቶ ገባው።

"አየሽ?"

"አየሁ።"

ከግንቡ ጋር የሚነጋገር ይመስል ፊቱን ወደዚያ አዞረ። "ጭሱ ነው" አለ።

"የምን ጭስ?"

"ሳንባውን ያበላሸው። የእኔ ጭስ።"

"አባዬ፣ ሐኪሞቹ እኮ የዕድሜ ልክ ሲጋራቸው ነው ብለዋል፤ እትዬ አሁን ነገሩኝ።"

"ሐኪም ምን ያውቃል! አነቀኝ ብሎኛል እኮ። መስኮትህን ዝጋ ነው ያልኩት።"

አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። "ታዲያ ገብተህ ንገረዋ!" ስለው ግን ያው የድሮው ሰውዬ ሆነ። "እሱ ይምጣ! ወረዳ የተከሰስኩት እኔ ነኝ!" በስመ አብ! ከአፍንጫው ቱቦ የተሰካበት ሰው መጥቶ ይቅርታ እንዲጠይቀው ይጠብቃል።

በዚያው ሳምንት ግን ራሱ ደወለልኝ። ለማዶው ገመድ ብቻ የራሱ ቀለበት ይደረግለት፣ ቁጥሩም የእሱ ስልክ ላይ ይምጣለት አለ። አደረግኩለት። ጽሑፉን ትልቅ አድርጌ ጫንኩለት። ስሙን ምን ልበለው ብዬ ስጠይቀው "ማዶ በይው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ሰላይዋን ቀድሞኝ የሚያየው እሱ ሆነ። እየደወለ "ማዶ ደህና ነው፤ ሦስት መቶ ሃምሳ" ይለኛል። እኔም ላንቻም ሆነ ካዛንቺስ ናፍጣ ሳስስ እውላለሁ፤ ታንከሩ ጎደለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

አንድ እሁድ አባቴ ቤት ምሳ እየበላን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ስልኩን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አየ። ጉርሻው ትሪው ላይ ወደቀ።

"ዜሮ ይላል። ይቺ ነገር ተበላሽታለች፣ እያት እስቲ!"

አየሁ። አልተበላሸችም። ጄኔሬተሩ ኃይል እየሰጠ ነው፤ ማዶ ያለው ግን አይወስድም።

"አልተበላሸችም አባዬ" ስል ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። አባቴ ሲሮጥ ያየሁት ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው። አንድ እግሩን ነጠላ ጫማ፣ አንዱን ባዶውን፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልረገጠውን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ፤ እኔም ከኋላው። በሩ አልተቆለፈም። እትዬ ማኅበር ሄደዋል።

ጋሼ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። ቱቦው ጭኑ ላይ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። የማሽኑ ገመድ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"ማን ነቀለው?" አባቴ ጮኸ። "ማን ነው የነቀለው?"

"እኔ።" ጋሼ ለእያንዳንዱ ቃል ትንፋሽ ይሰበስባል። "ቁጥሩን... እንደምታዩ... በበሩ ሰማሁ። ካልነቀልኩት... መቼ ትመጣ ነበር?"

አባቴ መሬት ላይ ተንበርክኮ ሶኬቱን በእጁ ይፈልጋል። ሶኬቱ ዓይኑ ሥር ነው፤ አላየውም፤ ዕንባው ጋርዶታል። "እብድ! ድሮም እብድ ነህ! እብድ!" ይላል። ላግዘው ስጠጋ እጄን ገፈተረው።

ጋሼ እጁን አንስቶ አባቴ ራስ ላይ አሳረፈ። "ቀስ በል... ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቄህ... ለአንድ ደቂቃ... አልሞትም።"

"ዝም በል! ትንፋሽህን አትጨርስብኝ!" አለ አባቴ፤ ሰካውና ማሽኑ ተነሳ። ቱቦውን ራሱ ጋሼ አፍንጫ ላይ አደረገለት፣ ከጆሮው ኋላም አስተካከለለት። እኔ ወጥቼ በሩን ዘጋሁላቸው።