ሽፋኑ የተጣለው መጽሐፍ

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ምሽት ባለቤቴ ሰናይት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ «በስድስት ወር ትወስደኛለህ» አለችኝ። አራት ዓመት ሆነ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ሮም ውስጥ ባዳንቴ ነኝ፣ አዛውንት አስታማሚ። የማስታምማቸው የሲኞር አልዶ ልጅ ካርላ ኮንትራቴን ካልፈረመች ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም፤ እሱ ካልታደሰ ሰናይት አትመጣም።

ካርላ ለአባቷ ልደት የአንድ እግር ኳስ ደጋፊ ትዝታ የተጻፈበትን መጽሐፍ እንድገዛ ላከችኝ። «የመጀመሪያውን እትም!» ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ሁለተኛው እትም ቤት ውስጥ አለ። ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ሰውዬ፣ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

የሮም ኅዳር እንደኛ ሐምሌ ይዘንባል፤ የበቆሎ ጥብስ ግን የለውም። ሦስት ቅዳሜ በዝናብ ዞሬ አገኘሁት። ሻጩ በሁለት እጁ ይዞ «ፒያኖ፣ ፒያኖ!» አለኝ፣ ቀስ ብለህ ያዘው ማለቱ ነው። የወረቀት ሽፋኑ ተቀዶ ሊገነጠል ደርሷል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለትልቅ ሰው አይሰጥም፤ ይጠረዛል። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ጫማ ለሚሰፉት ለጋሽ ተስፋይ ሰጠኋቸው። በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ መጽሐፍ ይጠርዙ ነበር። ጥቁር ቆዳ አልብሰው መለሱልኝ።

ካርላ ገልብጣ አየችው።

«ሽፋኑስ?»

«አስጠረዝኩት። አሁን መቶ ዓመት ይቆያል።»

«አባቴ መቶ ዓመት አይቆይም!»

ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የስታዲየም ደጋፊዎች ፎቶ አለ፤ ከመካከላቸው አንዱ ወጣቱ አልዶ ናቸው። በሁለተኛው እትም ፎቶው ተቀይሯል። አባቷ ብዙ ነገር ረስተዋል፣ ያንን ፎቶ ግን አልረሱም።

«ኮንትራቱን ነገ እናያለን» አለችኝ።

ጋሽ ተስፋይ ጋ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ያ ሽፋን የት አለ?»

«የቱ? ያ ቅዳጅ? ምን ያደርግልሃል ልጄ! ጠዋት የቆሻሻ መኪና ወሰደው እኮ።» ፊቴን አዩት። «አበላሸሁብህ እንዴ?»

«ኧረ የለም ጋሼ፣ ሥራዎትማ ቆንጆ ነው።»

መጽሐፍ ሻጩን ለመንኩት፤ በዕድሜው ሌላ ቅጂ እንዳላየ ማለልኝ።

ቤት ስመለስ ሲኞር አልዶ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ብቻቸውን እያወሩ፣ ገጹን አንድ በአንድ ይገልጣሉ። ሰናይት ደወለች።

«ፈረመች?»

«ነገ ብላለች።»

«ማነው እሱ የሚያወራው?»

«ሽማግሌው ናቸው። ፎቷቸውን እየፈለጉ ነው።»

«እና ስጣቸዋ!» አለችኝ።