አባቴ መብራት ጠፋ ያሉ ዕለት

የሰውን ዓይን ከውስጥ በኩል ማየት የለመደ ሰው ፊት ለፊት ሲያይ ትንሽ ይጨንቀዋል። እኔን ይህ የያዘኝ አቃቂ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ አንድ የጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ያን ጊዜ በኮዬ ፈጬ በኩል ኮንዶሚኒየሙ በገብስ ማሳው ላይ ገና መነሳት ጀምሮ ነበር። እኔ ደግሞ ነርስ ከሆንኩ ብዙም አልቆየሁም፤ የስኳር ሕመምተኞችን የዓይን ውስጥ ፎቶ በሚያነሳ ጥናት ላይ ተመደብኩ። የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ነርሶች በየጤና ጣቢያው ፎቶውን አንስተው ለዓይን ሐኪሞች ቢልኩ፣ ሰው ዓይኑ ሳይጠፋ ሊደረስለት ይችላል ወይ?

ሕመምተኛው አገጩን ካሜራው ላይ ያሳርፋል፣ ብልጭ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ክብ ነገር ይመጣል። ጤነኛ ዓይን ሲያዩት ደስ ይላል። ያልታደለው ግን በርበሬ የተበተነበት ይመስላል፤ እያንዳንዷ ነጥብ የደም ጠብታ ናት። እኔን ያስፈራኝ ደሙ አልነበረም። ያስፈራኝ የሰዎቹ ጤነኛ መምሰል ነው። ከሳሪስ አቦ የመጡ አንድ ባለሱቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው ረድፍ ድረስ አነበቡልኝና፣ “እኔ እንኳ ዓይኔ ደህና ነው፣ ልጄ፤ ስለጨቀጨቃችሁኝ ነው የመጣሁት” ብለው ሳቁ። ፎቷቸው ከኋላቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ። ሕመሙ እንደዚያ ነው፤ አያምም፣ አያሳክክም፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ድምፁን አያሰማም።

አባቴ ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። የክር ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ የተበጠሰች ክር ከማሽኑ ማዶ ሆነው ያዩ ስለነበር በዓይናቸው አይታሙም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ አብረን ልንሄድ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቁኝ። ዕድል የለኝ፣ ልክ በዚያ ሰዓት ፎቶ የተነሱት ሰዎች እየወጡ ነበር። ለፎቶው የምንጨምረው ጠብታ ብሌኑን ያሰፋዋል፤ ለጥቂት ሰዓት ዓይን ጥቁር ብቻ ይሆናል፣ ፀሐይም አያስችልም። የጭነት መኪና በሚያጓራበት መንገድ ዳር አዛውንቶቹ ያን ጥቁር ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ አጥሩን እየዳበሱ ታክሲ ሲጠብቁ አባቴ አዩ።

“እነዚህን ሰዎች ምን አድርጋችኋቸው ነው?” አሉኝ።

“ጠብታ ነው አባባ፤ እስከ ማታ ይለቃቸዋል። እርስዎም ነገ ይምጡና...”

“እኔ? በደህና ዓይኔ?”

በቃ፣ አለቀ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በእናቴ በኩል አስለመንኩ። ፍንክች የለም። እራት ስንበላ ፊታቸውን ማየት ትቼ ዓይናቸውን ብቻ አያለሁ። እሳቸው ስለ ጎረቤት ያወሩኛል፤ እኔ ከብሌናቸው ኋላ ምን እንዳለ አስባለሁ። የማናውቀው እንግዳ አብሮን ገበታ የቀረበ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሦስታችንም ሳሎን ነን። እናቴ ምስር ትለቅማለች፣ አባቴ የባትሪ ሬዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። በድንገት ቀና አሉ።

“ይኸው! ደግሞ አጠፉት።”

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቀረ። አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት። ቦግ ብሎ በርቷል።

በዚያ ሰሞን መብራት ሳይጠፋ የሚያልፍ ቀን አልነበረም፤ ነገሩ ለእሳቸው ምንም የሚገርም አይደለም። የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው በኩል ይሰማል። እሱንም ሰሙት። “እነሱ ጋ አለ እኮ። የእኛ ብቻ ነው፤ ፊውዙ ተቃጥሎ ይሆናል፣” አሉ ረጋ ብለው። ዓይናቸው ተከፍቷል። ወደ እኔ ዞረ፤ ግን አላረፈብኝም፤ ጆሮዬን አልፎ ሄደ።

ልናገር ስል እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። በባዶ እግሯ ሄዳ ማብሪያ ማጥፊያውን በቀስታ ተጫነችው። ቤቱ ጨለመ።

“አዎ፤ ጠፋ፣” አለች።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጨለማ ክፍል ሥራዬ ነው፤ ያ ጨለማ ግን ሌላ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ሰው ይስቃል። እናቴ ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች እንደሆነ ከትንፋሿ አወቅሁ። አባቴ ስለ መብራቱ ማማረራቸውን ቀጠሉ፤ ፍጥነታቸው እየጨመረ ሄደ፣ ማቆም የፈሩ ይመስላሉ።

በእናቴ አልፈርድም። ግን እኔ የማውቀውን እሷ አታውቅም፦ እንዲህ በአንዴ ከጨለመባቸው አንዱ ዓይናቸው ሳይታወቃቸው ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው፤ ሲያሳያቸው የኖረው ሌላው ነው፤ አሁን እሱም ውስጡ ደም ፈሰሰ። ቶሎ ከተደረሰለት ከዚያ የሚተርፍ ነገር አለ፤ በኋላ ሐኪሞቹ በሌዘር ያዳኑላቸውም ያንኑ ጥቂቱን ነው። እንደተቀመጥን ከቀረን ግን መብራቱ ነገም ይጠፋል፣ ከነገ ወዲያም ይጠፋል።

ተነሳሁ። እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ፤ አስለቀቅኋት። ግድግዳውን ዳብሼ ማብሪያውን አገኘሁትና ተጫንኩት። ጠቅ አለ።

አባቴ ድምፁን ሰሙት። ወሬያቸውን አቋርጠው ፊታቸውን ወደ አምፖሉ አነሱ። ብርሃኑ ግንባራቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ፣ የተከፈተ ዓይናቸው ላይ ወርዷል። ጠበቁ።

“መጣ?” አሉኝ።

“አልጠፋም ነበር፣ አባባ።”

ሬዲዮኑን ዘጉት። የጎረቤት ቴሌቪዥን ብቻ ቀረ።

“እናትሽ አለች?”

“አለች፤ እዚሁ ናት።”

“እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጫማዬን አምጪልኝና እንሂድ።”

አምጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩት። በእግራቸው ወለሉን እየዳበሱ ፈለጉት፤ አጠገባቸው ነበር፣ አላገኙትም። እናቴ ተንበርክካ አጠለቀችላቸው።