የማኑሶስ ላንድክሩዘርና የእትዬ ኤርጊና አይብ

ማኑሶስ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አፍንጫው ግን ከዚያ በላይ ኖሯል። አምስት ጊዜ ተሰብሮ አምስት ጊዜ በራሱ ፈቃድ ገጥሟል። የመጀመሪያው በሰርጉ ዕለት ነው። የሙሽራዋ አጎት "የሙሽራው ፍየሎች ከሲታ ናቸው" ቢል ማኑሶስ በወንበር መለሰለት፤ አጎትየው ደግሞ በጠረጴዛ። ሚስቱ ጋሪፋልያ እስከ ዛሬ የሰርጓን ፎቶ የምታሳየው ግማሹን በእጇ ሸፍና ነው።

ይህ ሰው በዕድሜው ያልተጣላው ከአንዲት ብቻ ነው፤ ከ1979 ሞዴል ላንድክሩዘሩ ጋር። ፕሲሎሪቲስ ተራራ ላይ ወዳለው የበጋ ግጦሽ የሚወስድ መንገድ የለም፤ ድንጋይ ነው ያለው። አዳዲሶቹ መኪኖች ወገቡ ላይ ሲደርሱ እያጓሩ ምሕረት ይለምናሉ። ያቺ አሮጊት ግን መቶ አርባ ፍየል እስከሚታለብበት ድረስ ወጥታ ወተቱን ጠብ ሳታደርግ ትወርዳለች። ባለፈው መስከረም ከደጁ ተሰረቀች።

"በጋው ያለ እሷ ከገባ ፍየሎቹን መሸጥ ነው" አለች ጋሪፋልያ። ማኑሶስ ግድግዳውን በቡጢ አለው። ከጎረቤት ቤት ሦስት ሳህን ወደቀ።

ክረምቱን ሙሉ ቡና ቤታችን ጥግ ተቀምጦ በስልኩ ያገለገሉ አሮጌ ጂፖች የሚሸጡበትን ገጽ ሲያስስ ከረመ። እንደ ዳዊት ደገመው ማለት ይቻላል፤ ዳዊት የሚደግም ሰው እንደዚያ ባይሳደብም።

"'ዝገት የማያውቃት' ይላል! ፎቶው ላይ እኮ በበሩ ሽንቁር ማዶ ያለችው ዶሮ ትታያለች!" ይልና ለሻጩ ይደውልለታል።

"ሽማግሌ፣ ካልገዛህ ስልኩን ዝጋ" ይለዋል አንዱ ከላሪሳ ከተማ።

"አድራሻህን ላክልኝና በሩን ጣትህ ላይ እዘጋልሃለሁ!"

ከዚያ ስልኩ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ስልክ ከተሰበረ በኋላ ባለ ቡና ቤቱ ግድግዳው ላይ ትራስ ቸነከረ።

በፋሲካ ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ማኑሶስ ድምፁ ጠፋ። እኛ ሞተ ብለን ነበር። ስልኩን አዞረልኝ። ነጭ የነበረችው ላንድክሩዘር አረንጓዴ ተቀብታለች፤ የኋላ በሯ ላይ ግን ሦስት የጥይት ቀዳዳ አለ። ልጁ ክርስትና ስትነሳ ማኑሶስ ሰማይን አልሞ የሳታቸው ጥይቶች ናቸው። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ "አንድ ባለቤት ብቻ፣ እሱም ቄስ። ለቅዳሴ ብቻ የተነዳች። ሦስቱ ቀዳዳዎች ለአየር ማስገቢያ።" ሻጩ ቫርዲስ የሚባል ከተራራው ማዶ ያለ ሰው ነው።

"ፖሊስ እንጥራ" አልኩት።

"ፖሊስ ፍየል ያልባል?"

ስሙን ቀይሮ ገዢ ነኝ ብሎ ደወለና በዳቦ ማመላለሻ መኪና ተሳፍረን ሄድን። እኔ የተወሰድኩት ለመማታት ሳይሆን ጥርስ ለመልቀም ነው።

በኛ ተራራ ሕጉ አንድ ነው፤ ሰው እንጀራውን የቀመሰበትን ቤት አይመታም። ጉርሻ ከወረደ ቡጢ ይታሰራል። ማኑሶስም ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ አፉን እንደ በር ቀርቅሮታል።

ቫርዲስ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ትከሻው ከበር የማይተናነስ ሰው ነው። ገና "ደህና መጣችሁ" ከማለቱ እናቱ እትዬ ኤርጊና የፍየል ቅቅል፣ አይብና ራኪ የሚሉትን አረቄ በትሪ ይዛ ደረሰች።

"ብሉ ልጆቼ!"

"ጾም ላይ ነኝ እትዬ" አለ ማኑሶስ።

"በፋሲካ ሳምንት? ሊቀ ጳጳሱ እንኳ በልቶ አልጠገበም!"

"ጨጓራዬ ነው።"

"አይቤ ለጨጓራ መድኃኒት ነው።"

"ሐኪም ከልክሎኛል።"

"የቱ ሐኪም ነው አይብ የሚከለክለው? ስሙን ንገረኝ፣ ልሂድበት!"

ቫርዲስ ማላመጡን አቆመ። የማይበላ እንግዳ ለምን እንደመጣ የማያውቅ ሰው እዚህ አገር አልተወለደም። ሰዓቱን ፈቶ ትሪው ላይ አኖረ።

"አንተ የማኑሶስ አፍንጫ ነህ" አለው።

"ቄሱ አንተ ነህ?" አለ ማኑሶስና አገጩን አጮለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም፤ በለስ ዛፍ ላይ ነበርኩ። ወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰበረ፣ ጀርባው ወንበር ላይ ተሰበረ። ማኑሶስ የቫርዲስን ጆሮ ነክሶ እንደ ቁልፍ አዞረው። ቫርዲስ የውኃ መሳቢያውን የብረት እጀታ ነቅሎ ለስድስተኛ ጊዜ አፍንጫውን አደቀቀለት። ደሙ የአጥሩን ኖራ ረጨው። ማኑሶስ ተዘረረ፣ ዓይኑ ነጭ ሆነ፣ መተንፈሱም አጠራጠረ።

እትዬ ኤርጊና ልጇን በማማሰያ ከመንገዷ አባርራ ተንበረከከች፣ የማኑሶስን መንጋጋ ከፍታ ራኪ አፈሰሰችበት፣ ሰውየው ሲያስል አንድ ቁራሽ አይብ አስከተለች። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ።

"ዋጠ!" ብላ ጮኸች። "ምስክር ናችሁ! በልቷል፣ ጠጥቷል፣ እንግዳዬ ነው!"

ቫርዲስ ብረቱን ጣለ። ማኑሶስ ነቅቶ ምላሱ ላይ አይብ ሲያገኝ እጁ ሰለለ። አፍንጫው ስድስት ጊዜ ሲሰበር ያላለቀሰ ሰው ያን ጊዜ አለቀሰ። ላንድክሩዘሯ አሥር እርምጃ ላይ ቆማለች፤ እሱ ግን ጣቱን ማንሳት አይችልም።

"እትዬ፣ ምን በደልኩሽ?"

"ዝም በል፣ ደምህን ዋጥ። ቫርዲስ! የቤቴ እንግዳ እየደማ በእግሩ አይሄድም። ውሰደው!"

ግቢው ውስጥ ያለችው መኪና አንድ ናት። ገባን።

"ፍሬኗ ወደ ግራ ትጎትታለች" አለ ቫርዲስ በትሕትና።

"እኔው ነኝ ያስለመድኳት።"

"ጋሼ፣ ሁለተኛ ማርሽ እንዴት ነው የሚገባላት? ክረምቱን ሙሉ እምቢ ብላኛለች።"

"መጀመሪያ ለዘብ፣ ከዚያ በክርን።" ማኑሶስ ሊያሳየው እጁን ሲሰድ ክርኑ በጠቡ የተሰበረውን የቫርዲስን ጎድን አገኘው፤ ይቅርታ ተጠያየቁ።

ከመንደሩ መጨረሻ፣ መንገድ ዳር ካለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ጋ ስንደርስ ቫርዲስ መኪናዋን አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ጎማው ሥር ድንጋይ ደገፈ፤ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አኖረው።

"የእናቴ እንጀራ እዚህ ያበቃል፣ ጋሼ።"

"አምላክ ለእናትህ ዕድሜ ይስጣት" አለ ማኑሶስና በግንባሩ ገጨው።

ሁለቱም የፈለጉት ይህንኑ ነበርና ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ነጎድጓድ ተላተሙ። ቫርዲስ ጉልበት ነበረው፤ ማኑሶስ ግን አንድ ክረምት ሙሉ በስልክ ያልመታቸውን ሻጮች ሁሉ በዚያ ልጅ ላይ መታ። ላሪሳን መታ፣ አቴናን መታ፣ ተሰሎንቄን መታ። ቫርዲስ በመጨረሻ ኮፈኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ነጥቆ ሊገባ በሩን ሲከፍት ማኑሶስ እጁ ላይ ዘጋበት። የተሰማውን ድምፅ ዛሬም ለውዝ ስሰብር እሰማዋለሁ።

ማኑሶስ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ፣ ሁለት ጥርስ በኔ መሐረብ ተቋጥሮለት ቁልፉን ከመሬት አንስቶ መሪውን ጨበጠ። ሁለተኛ ማርሽ በአንድ ክርን ገባ። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"አንተ! ማስታወቂያውን አውርድ!"

ቫርዲስ ጸሎት ቤቷን ተደግፎ ተቀምጧል። ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አገላብጦ አየው።

"በየትኛው ጣቴ?"