ፈረሰኛው የጠፋበት ሰላጣ

ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ራሴው ለፍቼ ነው የቆጠርኩት። በራሱ የተማረ ሰው ደግሞ ሥርዓት ይወዳል። ልጄ ሽንኩርት በማከማችባት የመንገድ ዳር ክፍል ምሳ ቤት ልክፈት ስትለኝ እምቢ ያልኳት ለዚሁ ነው። ወጥ ሳይሆን ሰላጣ እሸጣለሁ አለችኝ፤ ያውም የዶሮ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቀትር ላይ ወጥ አያስበላም ነው ምክንያቷ። እኔም ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው፣ እያንዳንዱም ባለቤት አለው፣ ይህን የሚደባልቅ ቤት ይደባልቃል ብዬ ወሬውን ዘጋሁት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ከአጣዬ ወደ ደብረ ብርሃን የተሳፈረበት አውቶብስ ጎማው ፈንድቶ እኛ ከተማ ቆሟል፤ ትርፍ ጎማ ተፈልጎ እስኪቀየር መጥቼ ልያችሁ አለ። ባለቤቴ ዶሮውን በሎሚና በጨው አጥባ በየብልቱ አውጥታዋለች፤ የወጡ ሽንኩርት ግን ገና አልተከተፈም። ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

“ሰላጣሽን እሱ ከበላልሽ ክፍሉን ውሰጂ። ከተወው ግን ይህ ወሬ ሁለተኛ አይነሳ” አልኳት።

ወንድሜ በምግብ ነገር ከእኔም የባሰ ስለሆነ እንዳሸነፍኩ ቆጠርኩት። ቢሆንም እንግዳ መከበር አለበት፤ የታላቅ ድርሻ ደግሞ ፈረሰኛ ነው። ሲቀቀል እንዳይጠፋብኝ ፈረሰኛው ላይ ነጭ ክር አስሬ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩት። ባለቤቴ አይታኝ አቀረቀረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ልጄ የበሰለውን ከአጥንቱ እየለየች በጣቷ ዘነጣጠለችው። ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከተፈችበት፤ ሰናፍጭ በዘይትና በሎሚ በጥብጣ ለወሰችው። ወንድሜ ደርሶ እጁን እስኪታጠብ ሁሉም አለቀ። ሳህኑ ሲቀርብ ጎንበስ ብዬ ክሩን ፈለግኩ፤ የለም። በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

“ከጋቢዎ የተመዘዘ መስሎኝ ጣልኩት፣ አባባ።”

ወንድሜ ሰምቷል። በዳቦው ጫፍ ሰላጣውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መረመረና ፊቱን ሳይፈታ፣ “ታዲያ ፈረሰኛዬ የታለ?” አለ።

ልጄ ላብ በላብ ሆናለች። “በየጉርሻው አለ፣ ጋሼ። ዛሬ ሁላችንም አባወራ ነን።”

ወንድሜ ጎረሰ። ሰናፍጩ አፍንጫው ድረስ ወጣበት መሰለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አለቀላት ስል ባለቤቴም ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ወደ እኛ ዞረች።

“ፈረሰኛ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ? ስንት ዘመን ብቻችሁን በላችሁት!”

ወንድሜ በሳቅ ፈነዳ። በማዕድ ላይ መሳቅ ነውር ነው እያልኩ ልጅ ያሳደግኩ ሰው፣ የጎረስኩት ቃሪያ ትን እስኪለኝ ሳቅኩ። እሱ ጀርባዬን እየመታ ይስቃል፣ እኔ እያሳልኩ እስቃለሁ። ባለቤቴ ያለችውም እውነት ነው፤ ሥርዓት ሥርዓት ስል ፈረሰኛው ምንጊዜም እኔ ፊት ነበር።

አውቶብሱ ጥሩንባውን ቢነፋም ወንድሜ ሳህኑን በዳቦ ሳይጠርግ አልተነሳም። ጓዳ የተረፈችውንም ዳቦ ውስጥ አስጠቅልሎ፣ እያላመጠ ወጣ።

ቃል ቃል ነው። ቀትሩ ሳይበርድ ከልጄ ጋር የሽንኩርቱን ጆንያዎች ከክፍሉ ማውጣት ጀመርን። በአንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላው እኔ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ዓይን ለዓይን በተያየን ቁጥር ሳቅ ይይዘንና ጆንያው መሬት ይወድቃል።